ሞዴሏ ዳክዬ

አጎቴ የዳክዬ እንቁላሉን ከዝዋይ ያመጣው ለእናቴ ቁርስ ብሎ ነበር። እናቴ ትርንጎ ግን እንቁላሉን በመስኮቱ ብርሃን አገላብጣ አየችውና «እኔ የማላውቀውን ነገር መጥበሻዬ ላይ አልሰብርም» አለች። ጎረቤታችን ከድጄ በዚያ ሰሞን የታቀፈች ዶሮ ነበረቻት። ወዲህ እኛ፣ ወዲያ እነ ከድጄ ነን፤ በመሃል ያለው የእንሰት ረድፍ አጥር ይባል እንጂ ዶሮም፣ ልጅም፣ ወሬም እንደልቡ ያሳልፋል። እንቁላሉም በዚያው አልፎ ከከድጄ ዶሮ ሥር ገባ።

የዶሮዋ ጫጩቶች ተፈልፍለው ሲያበቁ የዳክዬው እንቁላል እንዳለ ቀረ። እናቴ «ገምቷል፣ ጣይው» ስትል ከድጄ ጆሮዋ ላይ አስጠግታ አዳመጠችውና «ወላሂ ውስጡ ሰው አለ» አለች። ዶሮዋን ቅርጫት ደፍታባት አቆየቻት። ከሳምንት በኋላ ቅርፊቱ ተሰንጥቆ አንድ ቢጫ፣ እርጥብ፣ አፈ ጠፍጣፋ ነገር ወጣ። ዶሮዋ አፉን አየች፣ እግሩን አየች፣ ከዚያ የራሷን ልጆች ሰብስባ ሄደች። ከድጄ አንስታ እፍኜ ላይ አስቀመጠችልኝና «በይ ዮርዲ፣ እናቷ አንቺ ነሽ» አለችኝ። ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ሹመቱን የምሬን ነው የተቀበልኩት።

ስሟን ሽቅርቅሬ አልኳት። ገና ላባ ሳታወጣ ቀኑን ሙሉ ራሷን በአፏ ስታበጥር ትውላለች። ቤቷ የሳሙና ካርቶን ሆነ፤ እንዲሞቃት ከላይ አምፖል አንጠለጠልንላት፤ መብራት ሲጠፋ፣ ቡታጅራ ደግሞ መብራት አይጠፋም ነበር አልልም፣ ሹራቤ ውስጥ እከታታለሁ። መጀመሪያ ያበላኋት ቆጮ ነው። ጉሮሮዋ ላይ ተጣብቆባት አንገቷን እየወረወረች ልትሞት ደረሰች፤ ከድጄ በእንሰቱ መሃል እየሮጠች መጥታ አፏን ከፍታ ውሃ አንጠባጠበችላት። «ዶሮ አይደለችም እኮ፤ ይቺ እየጠጣች ነው የምትበላው» ብላ ፉርሽካ በውሃ ማሸት አስተማረችኝ። ከዚያ ወዲያ ቀለቧ የራሰ ፉርሽካ፣ ደቀቅ ተደርጎ የተከተፈ ጎመንና ከእንሰት ሥር የምቆፍርላት ትል ሆነ። ቅቅል እንቁላል ልሰጣት ስል እናቴ ያዘችኝና «ዘመዷን?» ብላ ጮኸችብኝ።

ትንሽ ጠንከር ስትል ደግሞ ሳፋ ሙሉ ውሃ ውስጥ ጨመርኳት። ደስ ብሏት ስትንቦጫረቅ ቆይታ ስትወጣ ግን ኩርምት ብላ ትንቀጠቀጥ ጀመር። ዳክዬን ውሃ ይበርዳታል ብሎ ማን ያስባል? እናት የሌላት ጫጩት ላባዋን የሚቀባላት ስለሌለ ውሃው እስከ ቆዳዋ እንደሚዘልቅ አሁን አውቃለሁ፤ ያኔ ግን የገደልኳት መስሎኝ በእናቴ አዲስ ነጠላ ጠቀለልኳት። ሽቅርቅሬ ዳነች። ነጠላው አልዳነም።

አባቴ ባዩ አናጢ ነው። ቡፌና አልጋ የሚሠራው ግቢያችን ጥግ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ የሰው ሙሽራ አልጋ ሳሎናችን ይገባና እኛ በላዩ ላይ ተንጠላጥለን ወደ ጓዳ እናልፋለን። የሚመኘው አንድ ነገር ነበር፦ ለጥቃቅንና አነስተኛ የሚሰጠውን የመሥሪያ ሼድ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር አቶ ከማሉ ስለ ሼዱ በተጠየቀ ቁጥር «እየታየ ነው» ይላል። እኔም ሼዱ የሆነ ቦታ ተሠርቶ ሰው ሁሉ እየሄደ የሚያየው፣ አባቴ ብቻ ጊዜ አጥቶ ያልሄደ ይመስለኝ ነበር።

ያን ጊዜ የአገሩ ሰው ሁሉ አንድ ለአምስት ተደራጅቷል። አባቴ የአምስት ቤት መሪ ነው። አምስቱም ቤቶች ቀድሞ የሚሠሩትን ይሠሩ ነበር፤ ከድጄ በርበሬዋን ትነግዳለች፣ አባቴ እንጨቱን ይልጋል፣ ሌላውም እንዲሁ። አርብ አርብ በስብሰባ ግን «ምን አዲስ ነገር ተሠራ?» ተብሎ ይጠየቃል። አዲስ ነገር በየሳምንቱ ከየት ይመጣል? አንድ አርብ የሚለው ሲጠፋው አባቴ ብድግ ብሎ «የዳክዬ እርባታ ጀምረናል» አለና ቁጭ አለ። ይህን የነገረኝ ካደግሁ በኋላ ነው፤ ሲነግረኝም ጣሪያ ጣሪያ ያይ ነበር።

እኔ ያየሁት ሌላ ነው። እስከዚያ ቀን ሽቅርቅሬን ሲያልፍ «ይቺ ኩሳም» ከማለት በቀር ቃል ያልነበረው አባቴ፣ ያን አርብ ከስብሰባ መጥቶ ካርቶኗ አጠገብ ቁጢጥ አለ። ጭንቅላቷን በአንድ ጣቱ ዳሰሳት። በማግስቱ ደንበኛ የሚጠብቀውን አልጋ ትቶ አሮጌ በርሜል ለሁለት ቆረጠላት፤ መሬት ቆፍሮ ቀበረው፤ ውሃ ሞላበት፤ የምትወጣበት ሳንቃ ሁሉ ሠራላት። «አባዬ ዳክዬዬን ወደዳት!» ብዬ ለከድጄ ነገርኳት። ከድጄ የበርበሬ ዛላ እየቀነጠበች ቀና ብላ አየችውና «አዎ፣ ፍቅር ይዞታል» አለች።

አቶ ከማሉ እርባታውን ሊያይ ሲመጣ ሽቅርቅሬ ቢጫዋን ጥላ ነጭ ላባ አውጥታለች። በርሜሉን ዞሮ ዞሮ አየና «ሌሎቹስ?» አለ።

«ይመጣሉ» አለ አባቴ።

«መልካም። ለመሆኑ የማን ናት?»

አባቴ ወደኔ አየ፣ ከዚያ ወደ እንሰቱ አየ። «እንቁላሉ የኛ ነው፤ የታቀፈችው ዶሮ የከድጄ ናት። እንግዲህ የጋራ መሆኗ ነው መሰለኝ።»

አቶ ከማሉ ባርኔጣውን አወለቀ። «እናንተ ጴንጤ፣ ከድጄ ሙስሊም! ባዩ፣ ይህን እያወቅህ ዝም አልከኝ? ይሄ እኮ እርባታ ብቻ አይደለም፤ መቻቻል ነው!»

መቻቻል የዚያ ዓመት ቃል ነበር፤ ያለ እሱ ስብሰባ አይከፈትም፣ ሻይም አይቀርብም። እናቴና ከድጄ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ጨው ሲበዳደሩ፣ አንዷ የሌላዋን ልጅ ስትጠብቅ፣ ሲኮራረፉና ሲታረቁ ኖረዋል። ሲቻቻሉ መኖራቸውን የሰሙት ግን ከአቶ ከማሉ ነው። ሳምንት ሳይሞላ አባቴ ሳንቃ ልጎ፣ አረንጓዴ ቀለም ቀብቶ በራችን ላይ ሰሌዳ ሰቀለ፦ «የመቻቻል ተምሳሌት ሞዴል የዳክዬ አርቢዎች ማህበር»። ማንበብ ጀምሬ ስለነበር ሽቅርቅሬን ታቅፌ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ስሟ ስላልተጻፈ ቅር አለኝ።

ከዚያ ወዲህ አቶ ከማሉ ይመላለስ ጀመር። ሲመጣ ለኔ ከረሜላ ይሰጠኛል፣ «ምን ወሬ አለ ሰፈሩ ውስጥ?» ይለኛል፣ እኔም ያለውን ወሬ አንድ ሳላስቀር እዘረግፍለታለሁ። ከዚያ ሽቅርቅሬን ብድግ አድርጎ በሁለት እጁ ይመዝናትና «ጥሩ እየሄደች ነው» ይላል። ጤንነቷን የሚከታተልልኝ ስለመሰለኝ አንድ ቀን ጉልበቱን ሳምኩት።

የመጣውን ነገር የሰማሁት ከአባቴ መሥሪያ ጠረጴዛ ሥር፣ ሰጋቱራ ውስጥ ተቀምጬ ስጫወት ነው። የአቶ ከማሉ ጫማ መጥቶ ፊቴ ቆመ።

«ቅዳሜ የበላይ አካል ይመጣል» አለ። «ጓድ ኤፍሬም ነው፣ ከነቡድኑ። ለልምድ ልውውጥ። በርሜሉን ያያሉ፣ ማብራሪያ ትሰጣለህ፣ ከዚያ ምርቱን ይቀምሳሉ።»

«የትኛውን ምርት?»

«ዳክዬዋን ነዋ!»

የአባቴ መላጊያ ቆመ። «የልጄ ናት እኮ» አለ ቀስ ብሎ።

«የማህበሩ ናት። ሼዱም በዚያው ይታያል።»

መላጊያው ሥራውን ቀጠለ፤ ከዚህ የበለጠ መልስ እንደሌለ ልጅም ብሆን ገባኝ። ያን ማታ እራት አልበላም አልኩ። አባቴ ዓይኔን ሳያይ «ሌላ ሁለት አመጣልሻለሁ» አለኝ። «ሁለቱንም ታርዷቸዋላችሁ!» ብዬ እስኪያስለኝ አለቀስኩ። እናቴ እኔን ሳታባብለኝ ተነሥታ በእንሰቱ መሃል ወደ ከድጄ ቤት ሄደች። እንዲህ ጨካኝ መሆኗን ያን ቀን አወቅሁ ብዬ ደመደምኩ።

ተከትያት ሄጄ ከእንሰቱ ሥር አደመጥኩ። የሁለቱ ጭንቅላት ተጋጥሟል። «ቢላዋ» ሲሉ ሰማሁ፤ «ሙሀመድሰይድ» ሲሉ ሰማሁ፣ የከድጄ ልጅ ነው፤ «ጮክ ብለሽ» ሲሉም ሰማሁ። ጠዋት ስነሣ ከድጄ ደጃፏ ላይ ትልቅ ቢላዋ በድንጋይ ትስላለች፤ እየሳለችም ታንጎራጉራለች።

«እትዬ ከድጄ፣ ምን ልታደርጊበት ነው?»

«ለቅዳሜ ነው» አለች፣ ቀና ብላ ሳታየኝ።

የሽቅርቅሬን አፍ ከፍታ ውሃ ያንጠባጠበች እጅ ናት ይህን የምታደርገው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጠላቴ ሆነች። አባቴን እንኳ እንደ እሷ አልጠላሁትም፤ አባቴ ቢያንስ አያንጎራጉርም ነበር።

ቅዳሜ እናቴ ገና በጠዋቱ ተነሥታ ጎመን በድስት በድስት ቀቀለች፣ ቆጮ ጋገረች፣ አይብ አዘጋጀች። እኔ ሽቅርቅሬን ይዤ አልጋ ሥር ገብቼ ነበር፤ አባቴ በእግሬ ጎትቶ አወጣኝና ዳክዬዋን በርሜሉ ውስጥ አስገባት።

የበላይ አካል ሲባል ጣሪያችንን የሚነካ ሰው ጠብቄ ነበር። ከመኪናው የወረደው ጓድ ኤፍሬም ግን ከእናቴ ያጥራል። ከኋላው ማስታወሻ የያዙ፣ ካሜራ የያዘ፣ ምንም ያልያዙም ሰዎች ነበሩ። በርሜሉን ከበቡት።

«ስንት ናቸው?» አለ ጓድ ኤፍሬም።

«በአሁኑ ሰዓት አንድ ሲሆኑ» አለ አቶ ከማሉ፣ «በእቅድ ደረጃ ሁለት መቶ ናቸው።»

«በጣም አበረታች ነው።»

ሽቅርቅሬ ጭንቅላቷን ውሃ ውስጥ ነክራ ቂጧን ወደ እንግዶቹ አዞረች። አጨበጨቡላት። ከኋላ አንዱ ቀስ ብሎ «ግን ይበላል?» ሲል አቶ ከማሉ ሰማውና «ውሃ የለመደች ዶሮ ናት» ብሎ አረጋጋው።

ከዚያ አባቴ ቢላዋ ይዞ መጣ። እኔ በርሜሉ ውስጥ ከነጫማዬ ገብቼ ሽቅርቅሬን ደረቴ ላይ ለጥፌ ያዝኳት፤ ልቧ በፍጥነት ሲመታ እጄ ላይ ይሰማኝ ነበር። «ነይ ውጪ፣ ልጄ» አለኝ አባቴ። እንግዶቹ ፈገግ አሉ። ካሜራው ወደኔ ዞረ።

«ቆይ!» አለ ድምፅ ከእንሰቱ በኩል። ከድጄ ናት፤ ቢላዋዋን ይዛለች፤ ሙሀመድሰይድ ከኋላዋ አንገቱን ደፍቶ ይከተላታል። «በማን እጅ ነው የምትታረደው?»

«በኔ ነዋ» አለ አባቴ።

«እኔስ ምኑን ልበላ ነው? ዶሮዬ ታቅፋ፣ እኔ ፉርሽካ አሽቼ አሳድጌ፣ ሥጋዋ ሲደርስ ቁጭ ብዬ ልያችሁ? ቢስሚላህ ሳይባልባትማ ወላሂ አትታረድም! ልጄ ያርዳል።»

እኛ ዘንድ ሠርጉም ለቅሶውም አንድ ላይ ነው፤ ቢላዋው ብቻ ለየብቻ ነው። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፣ ሙስሊም ያረደውንም ክርስቲያን አይበላም። ስለዚህ ድግስ ሲኖር ሁለት በግ ይታረዳል፣ ሁለት ድስት ይጣዳል፣ ማንም ቅር አይለውም። አንዲት ዳክዬ ግን ሁለት ጊዜ አትታረድም። ይህን በእቅዱ ውስጥ ያሰበው አልነበረም።

እናቴ ከጓዳ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። «እንዴ! እስላም ያረደውን ልታበዪኝ ነው? በገዛ ቤቴ?»

አባቴ ግራ ገብቶት «ትርንጎ፣ አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው…» ብሎ ሲጀምር እናቴ እግሩን ረገጠችው። ንዴት ዓይኗን ጋርዷት መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን፣ መጋቢያችን ማንም ያረደውን ጸልዮ መብላት እንደሚቻል ባስተማረ ቁጥር ከሁሉ ቀድማ አሜን የምትለው እናቴ ነበረች።

«ከዛሬ ጀምሮ ጨው ብለሽ ደጄ እንዳትመጪ!» አለች እናቴ።

«ጨውሽን ታቀፊው! አንቺም በርበሬዬን እንዳታዪው!»

«በርበሬሽ በአፍንጫዬ ይውጣ!»

ጎረቤት በአጥር ላይ ተንጠለጠለ። መንገደኛ ቆመ። ሁለቱ ሴቶች «የመቻቻል ተምሳሌት» ከሚለው ሰሌዳ ሥር ቢላዋና ማማሰያ እያወዛወዙ ይጯጯሃሉ። ጓድ ኤፍሬም «ካሜራውን አጥፋው፣ አጥፋው!» አለ። ከዚያ ወደ አቶ ከማሉ ጠጋ ብሎ በጥርሱ መሃል «አንተ ራስህ በማን እጅ ትበላለህ?» አለው።

«እኔ እንኳ… ሙስሊም ካላረደው…»

«እኔም እኮ የክርስቲያን ካልሆነ አልበላም!»

እዚያው በርሜሉ አጠገብ ክብ ሠርተው ቆሙ። አስቸኳይ ስብሰባ ነበር። እኔ ውሃው ውስጥ እንደቆምኩ ነኝ፤ ጫማዬ ሞልቷል፤ ጥርሴ ይንገጫገጫል፤ ዓይኔን ከጓድ ኤፍሬም አፍ አልነቅልም። በመጨረሻ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዳክዬዋ የመቻቻል ተምሳሌት እንደመሆኗ መጠን፣ በሕይወት እንድትቀጥል አቅጣጫ ተቀምጧል። ከእንግዲህ በማንኛውም አካል አትታረድም።»

ጭብጨባ ሆነ። እኔ ከበርሜሉ ዘልዬ ወጥቼ የጓድ ኤፍሬምን እግር አቀፍኩት፤ ሱሪው በሰበሰ። እንድትተርፍ ያደረጋት እሱ ነው፤ ስለዚህ ሳድግ ካድሬ እሆናለሁ ብዬ እዚያው ወሰንኩ፤ ሁለት ዓመት ያህልም ጸንቼበታለሁ። እናቴ ቆጮውን፣ አይቡንና ጎመኑን አወጣች። ቢላዋ ያልነካው ምግብ ነውና ሁሉም በአንድ ገበታ ከበው ጣታቸውን እስኪልሱ በሉ። ዳክዬ ልትሠራ ያሰበች ሴት ያን ሁሉ ጎመን በጠዋት አትቀቅልም፤ ከነዚያ ሁሉ ማስታወሻ ያዦች መሃል ግን ይህ የከነከነው አልነበረም፤ እኔንም ጨምሮ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ጓዳ ስገባ እናቴና ከድጄ መሬት ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ፊታቸውን ነጠላቸው ውስጥ ቀብረዋል፤ ትከሻቸው ይርገፈገፋል፤ ከድጄ ቀና ስትል ጉንጯ በእንባ ርሷል። ገባኝ፤ እናቴ በጠቡ ተጸጽታ ታለቅሳለች፣ ከድጄ ደግሞ ሥጋው ስላመለጣት።

«እሰይ!» አልኳት ከበሩ። «እሰይ፣ ደግ አደረጉሽ!»

ከድጄ አፏን ልትከፍት ስትል እናቴ በመዳፏ ያዘችባት። ሁለቱም እንደገና ነጠላቸው ውስጥ ገቡ።

ከዚያ ወዲያ ከድጄን ሰላም አልላትም ነበር። ስትጠራኝ እሮጣለሁ፤ ስትመጣ በር እዘጋለሁ። በየጠዋቱ እንሰቱ ሥር በጣሳ የራሰ ፉርሽካ አገኛለሁ፤ ልታወፍራት ነው እያልኩ፣ እያየችኝ እደፋዋለሁ። ሽቅርቅሬን በቤት ውስጥ ቀለብ ብቻ አሳደግኋት። ክረምቱ ሙሉ እንዲህ አለፈ።

ክረምቱ ሲወጣ ሼዱ ተፈቀደ። የተፈቀደው ግን ለዳክዬ እርባታ ስለሆነ፣ አባቴ እዚያ ገብቶ አልጋ ሲሠራ ተገኝቶ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። አቶ ከማሉም ለበለጠ ኃላፊነት ተብሎ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ዕቃው በአይሱዙ ተጭኖ በበራችን ሲያልፍ እናቴ ልብስ እያጠበች ነበር። አረፋውን ከክንዷ ጠረገችና «በይ እንግዲህ፣ ነይ ቁጭ በይ» ብላ ሁሉንም ነገረችኝ። ያን ማታ እያለቀስኩ ስታየኝ ሆዷ አልችል እንዳላት፣ አባቴን ከሼዱ ጋር ላለማጣላት ለእሱ እንኳ እንዳልነገረችው፣ ቢላዋውን የማምጣቱ ዘዴ የከድጄ እንደሆነ። እስከ መጨረሻው አልሰማኋትም። ሽቅርቅሬን ታቅፌ በእንሰቱ መሃል ሮጥኩ።

ከድጄ ደጃፏ ላይ በርበሬ አስጥታ ተቀምጣለች።

«እትዬ ከድጄ… ያን ቀን አላለቀስሽም?»

«ያን ቀን?» አለች። «ሳቅ ሊገድለን!»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺ ብታውቂ ከማሉም ያውቅ ነበራ! ለአንዲት ከረሜላ የሰፈሩን ጉድ ስታወጪ አላየሁም?» ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመችና በርበሬውን በእጇ ዘርጋ ዘርጋ አደረገችው። «ባትሰሚኝም፣ በር ብትዘጊብኝም ግድ የለኝም ነበር። ፉርሽካውን ስትደፊው ግን… እሱ ከበደኝ፣ ዮርዲ።»

የምሰጣት ሌላ ነገር ስላልነበረኝ ሽቅርቅሬን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። ዳክዬዋ ላባዋን አራገፈች፣ ተመቻቸች፣ ከዚያ በከድጄ አዲስ ቀሚስ ላይ ኩሷን ለቀቀችው።

«አየሽ?» አለች ከድጄ። «ነፍሱን ያተረፍኩለት ሁሉ እንዲህ ነው የሚያመሰግነኝ።»

ግን ከጭኗ አላወረደቻትም።